ሰማይ ለሚያዳምጥ ልጅ ሽምግልና ሄጄ

ሽምግልና የሚላክ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ነጭ ጋቢና ዝግ አፍ። እኔ ጋቢው ነበረኝ።

ጋቢውስ ለክፉ አይሰጥም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዘርፉን የቋጨሁት ራሴ ነኝ። አፌን ግን እናቴም ባለቤቴም የነፍስ አባቴም ሞክረው ቁልፍ አላገኙለትም። የሥራዬ ጥፋት ነው። እጅ ጨርቅ ይይዛል፣ እግር መኪናውን ይረግጣል፣ አፍ ብቻ ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል። ሥራ ፈት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ።

የላከኝ ሙሉቀን ነው። የእህቴ ልጅ ነው ልላችሁ ነበር፤ ግን እህቴ ገና ድክ ድክ ሲል ጥላብኝ ስላረፈች እኔና ባለቤቴ ነን ያሳደግነው። ስለዚህ ልጄ ነው። ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁጭ ብሎ በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ በጠመኔዬ ሒሳብ ሲሠራ አደገ። ስንቱ ደንበኛ የሱሪው እግር ላይ ስኩዌር ሩት ተጽፎበት ሳያውቅ ለብሶ ሄዷል! ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ተማረ፤ ከዚያም አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት የምርምር ተቋም ቀጠረው።

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከከዋክብት ወዲያ እንደ እኛ የሚያስብ ፍጡር ይኖር ይሆን፣ ካለስ እንደ ሬዲዮ ያለ ነገር ሠርቶ ድምፅ ይልክ ይሆን ብለው የሚጠባበቁ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ውጭ አገር የቆመ ትልቅ ሳህን አለ፤ ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ዲሽ አስቡና የኳስ ሜዳ አሳክሉት። ሳህኑ ከሰማይ የለቀመውን በኢንተርኔት ይልኩለታል፤ ሙሉቀን አዲስ አበባ ተቀምጦ ያንን ያበጥራል። እስካሁን ሁሉም ገለባ ነው። በስልክ "ምን ሰማህ?" ስለው "ምንም ጋሼ" ይለኛል፤ እኔም ፈተና እንደወደቀ ተማሪ "አይዞህ፣ ለከርሞ ይሳካል" እለዋለሁ።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ማውጣት ይገባል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፤ ልጄ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ይገባዋል። ባለቤቴ ከኔ ትሻላለች። "ለእድር ዕድሜ ልካችንን እንከፍል የለ? ያውም እንዳይደርስብን እየጸለይን!" ትላለች።

ሙሉቀን የሚወዳት ልጅ ስለናት ትባላለች። ነርስ ናት፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው የምትሠራው። ተማሪ ሳሉ ተዋውቀው እስካሁን ተጠባብቀዋል። አባቷ ጋሽ እንየው ከሉማሜ ወጣ ብሎ ጤፍ የሚያርሱ፣ ቃላቸው በአገሩ የሚከበር ሰው ናቸው። ስለናት ደግሞ አባቷ ሳይመርቋት እንደማታገባ ለሙሉቀን ገና ከመጀመሪያው ነግራዋለች። በዚህ መሃል አይሱዙ ያለው አንድ የእህል ነጋዴ ከገና በኋላ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰማሁ። እንዴት ሰማህ ብትሉኝ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን ያስጠገነው እኔ ዘንድ ነው። ቀዳዳውን እየደፈንሁ ወሬውን ሁሉ ለቀምሁ።

እኛም ቶሎ ተሰባሰብን። አንደኛው የደብራችን መምህር መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ተናግረው የማይጠገቡ። ሁለተኛው አቶ ደምሰው፣ ቀበሌያችንን ለረጅም ጊዜ በሊቀ መንበርነት የመሩ፣ ማንኛውም ንግግር ያለ ውሳኔ ሲያልቅ የሚያማቸው። ሦስተኛው እኔ። ስለናት ከመሄዳችን በፊት ሱቄ መጣችና "አባቴ ሥራውን ከጠየቀ 'የመንግሥት ሠራተኛ ነው' በሉና እለፉት። ሌላ ቃል እንዳትጨምሩ" አለችን። ለሦስታችን ነው የተናገረችው፤ ያየችው ግን እኔን ብቻ ነው።

በኅዳር፣ ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ላይ በተኛበት ሰሞን ማለዳ ሉማሜ ከመኪና ወርደን በእግራችን ግቢያቸው ደረስን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥምና ግቢው ውስጥ ቆምን። ጋሽ እንየውም እንደ ወጉ ለምን እንደመጣን ያላወቁ መሰሉ።

"ምነው በደኅና? ከብት ጠፋባችሁ?" አሉን።

መሪጌታ ከአዳምና ከሔዋን ተነሥተው በቃና ዘገሊላ በኩል ስለናት ዘንድ እስኪደርሱ ጋሽ እንየው ሳይታወቃቸው "አሜን" ብለው ነበር። ቀጥሎ ዘር ተቆጠረ። አቶ ደምሰው የሙሉቀንን ሰባት ቤት እንደ ስብሰባ አጀንዳ አንድ በአንድ አሰሙ፤ ከነስለናት ጋር የሚነካካ ሥጋ አልተገኘም። ነገሩ አለቀ ብዬ በልቤ የሙሽራውን ሱፍ መለካት ጀመርሁ።

"ሥራውስ?" አሉ ጋሽ እንየው።

"የመንግሥት ሠራተኛ ነው" አሉ መሪጌታ፣ እንደተባለው።

"የምን መሥሪያ ቤት?"

መሪጌታ አቶ ደምሰውን አዩ። አቶ ደምሰው እኔን አዩ። እኔ ደግሞ ዝምታ ካየሁ እንደ ተቀደደ ልብስ ካልሰፋሁት አይሆንልኝም።

"ሰማይ ያዳምጣል!" አልኋቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ሰማይ ምን?"

"ያዳምጣል። ከከዋክብት ወዲያ ፍጥረት ካለ ድምፁን ይጠብቃል።"

"እና ምን ሰማ?"

"እስካሁን ምንም።"

"ደመወዝ ይከፈለዋል?"

"በየወሩ።"

ጋሽ እንየው ሰማዩን አዩ፤ አንዳች የለበትም። ከዚያ እኔን አዩ። "ምንም ሳይሰማ?"

"ምንም ሳይሰማ" አልሁ። ኩራቴ ገና አልበረደም ነበር።

"እናንተ ሰዎች!" አሉ ጋሽ እንየው። "የኛን ወንዝ አይታችሁት መጥታችኋል። ክረምት ሲገባ ልጆቻችን መሻገሪያ አጥተው ከትምህርት ይቀራሉ። ድልድይ ስንል በጀት የለም ይሉናል። ለካስ በጀቱ ሰማይ ቤት ወጥቷል!"

"የሚያዳምጥበት ሳህን የኛ አይደለም፣ ገንዘቡም የፈረንጅ ነው" አልሁ ቶሎ ብዬ።

"ፈረንጅስ ድልድይ አያውቅም? ይሁን፣ እነዚያስ ተገኙ እንበል። የማን ዘር ናቸው? ሰባት ቤታቸውን ማን ይቆጥርላቸዋል?"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጋሽ እንየው፣ ከዓይናችን የተሰወሩ ሕዝቦች እንዳሉ ስንሰማ ነው ያደግነው። ብሔረ ብፁዓንን ማን አይቷት ያውቃል? አላየናትም ብለን ግን የለችም አንልም።"

"መሪጌታ፣ ብፁዓን ልጄን አልጠየቁኝም። የጠየቀኝ ደመወዝተኛ ነው።"

በዚህ ጊዜ ነው አቶ ደምሰው የገቡበት። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ሊበተን መሆኑን አይተው ጨነቃቸው መሰለኝ። "ጋሽ እንየው፣ ወንድማችን አጣመው ነው የነገሩዎት" አሉ። "ሰማይን የሚያዳምጥ ሰው ዝናቡን ቀድሞ ይሰማል እኮ! ደመናው ገና ዓባይ ማዶ ሳለ ልጁ ያውቀዋል።"

የጋሽ እንየው ፊት በራ። "እንዲህ ነው እንጂ ሥራ! እስቲ እንግዲያው፣ ጤፌ ታጭዶ ሜዳ ላይ ነው። አሁን ልሰብስበው ወይስ ደቦዬ እስኪደርስ ይቆይልኝ?"

አቶ ደምሰው ወደ ላይ ቃኘት አደረጉና "ይቆይ! ሰሞኑን ደረቅ ነው ብሏል" አሉ።

ማን ነው ያለው? ልጁ እንኳን ዝናብ ሊያይ፣ ያን ጠዋት እኛ እዚያ መቆማችንንም በቅጡ አያውቅም። እኔ ግን ራሴን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅሁ። አፌ ያበላሸውን አንገቴ ያቃናው እንደሆነ ብዬ ነው።

ጋሽ እንየው "መክሬ እጠራችኋለሁ" ብለው በደስታ ሸኙን። ወሬው ግን ከኛ ቀድሞ ደብረ ማርቆስ ገባ።

በማግሥቱ አንዲት ሴት ሱቄ መጥታ በርበሬዋን ታስጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔን! ቀጥሎ አህያው የጠፋበት ሰው መጣ፤ የሰማይን ድምፅ የሚለይ የአህያ ድምፅ አያቅተውም ብሎ ነው። ከደምበጫ ለገበያ የመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ ሌላ ነገር ትተው እነዚያ ከላይ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ እንደሆን ብቻ ማወቅ ፈለጉ። እሳቸውን ወደ መሪጌታ ላክኋቸው። ሴትዮዋን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "አስጪው" አልኋት። የሰው እምነት ደስ ይላል፤ ሲያምኑህ እውነት የምታውቅ ይመስልሃል።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት መጣ። የኅዳር ዝናብ እንዲህ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። የሱቄ ቆርቆሮ ሲንጫጫ፣ እኔ መርፌ ይዤ የማየው በርበሬውንም ሰማዩንም አልነበረም፤ ሜዳ ላይ የተኛውን የጋሽ እንየውን ጤፍ ነበር። ታጭዶ የረጠበ ጤፍ ያቆጠቁጣል፤ ያቆጠቆጠ ጤፍ ደግሞ ለሰው አይሆንም። የአንድ ቤተሰብ ዓመት እዚያ ተኝቷል። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ስለናት ከሥራ እንደወጣች፣ ዣንጥላዋን ሳታጥፍ ሱቄ ገባች።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሰጠኋችሁ።"

"ዝናቡን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ደምሰው..."

"አባቴ ግማሹ ጤፍ በስብሶበታል። ልጁን ራሱን አምጡልኝ ብሏል። ካልመጣ ለነጋዴው ሽማግሌዎች እሺ እላለሁ ብሏል።" ከዚያ ዣንጥላዋን እንደያዘች አለቀሰች። ነርስ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ፣ በርጩማ ብቻ አቀረብሁላት።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ በኛ አገር አልታየም። ግን ቁጣም የራሱ ወግ አለውና ሙሉቀንን ጠራነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ ሉማሜ ሲወርድ ተቀበልነው። መነጽሩን አድርጎ፣ ያቺን የማትለየውን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከስቶ ሳየው ኮቱን በስንት ጣት እንደማጠብለት በዓይኔ ለካሁ። በመንገድ ስለ ዝናቡ ላስረዳው አሰብሁ፤ ግን ስለ አየሩ፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ኮቱ ገበር ሳወራ ደረስን።

ግቢው ውስጥ ጤፉ በሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ የሻገተ ሽታ ነበረው። ጎረቤቶችም ተሰብስበዋል። ጋሽ እንየው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ "ዝናብ የለም ያልከው አንተ ነህ?" አሉት።

ሙሉቀን ሦስታችንን አየን። እኔ የጋቢዬን ዘርፍ መቁጠር ያዝሁ። ልጁ ወዲያው ገባው።

"አባ፣ ስለ ዝናብ ምንም አላውቅም። ስለ ዝናብ ቢሆን እኔ ነበርሁ እርስዎን የምጠይቀው" አለ። "በኔ ስም ለደረሰብዎ ጉዳት ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤፉ እስኪደርቅ አብሬ አገላብጣለሁ።"

"የዋሸነው እኛ ነን" አልሁ እኔ።

"በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ግን አልነበረም" አሉ አቶ ደምሰው።

ጋሽ እንየው "እሺ። እውነቱን ንገረኝ እንግዲህ። ይኸ የምታዳምጠው ነገር ምን ይጠቅማል?" አሉት።

ሙሉቀን ግቢው ዳር ካለው ዋንዛ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ቀና ብሎ አየ። "ያ ቀፎ ንብ አለበት አባ?"

"የለበትም። ካቻምና ነው የሰቀልሁት።"

"ለምን አያወርዱትም?"

"ለምን አወርደዋለሁ? ንብ በአገሩ አለ። ሲያልፍ ቤት ካገኘ ይገባል። እንደገና አጥነዋለሁ፣ ባይሆን ዛፍ እለውጥለታለሁ እንጂ ባዶ ነው ተብሎ ቀፎ አይወርድም።"

"የኔም ሥራ እሱ ነው" አለ ሙሉቀን።

ጎረቤቶቹ "እህ!" አሉ። እኔ ለማጨብጨብ እጄን ከጋቢዬ አውጥቼ ነበር፤ ጋሽ እንየው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

"የኔ ቀፎ ቀርከሃና እበት ነው፤ ማንንም አልጎዳም። የናንተ ሳህን ስንት ድልድይ ይበላል?"

"ሳህኑ ለኛ ተብሎ አልተሠራም። ከዋክብትን ለሚያጠኑ ሰዎች ነው። እኛ እነሱ አጭደው ካነሡት በኋላ ነው የምንቃርመው።"

"ቃርሚያ ነው?"

"ቃርሚያ ነው አባ።"

"ቃርሚያ ነውር የለውም" አሉ ጋሽ እንየው፣ ለስለስ ብለው። "ግን ንብ ሲገባ ማር ይሰጣል። የናንተው ቢመጣ ምን ይሰጣል?"

ሙሉቀን አሰበ። "አላውቅም" አለ።

ጋሽ እንየው ትክ ብለው አዩት። "ልጄን ፈልጎ ከመጣ ሰው ሁሉ 'አላውቅም' ሲል የሰማሁት አንተን ብቻ ነው። ወድጄልሃለሁ። ቢሆንም 'አላውቅም' ልጅ አያሳድግም።"

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ እንጃ። አንዱ ጎረቤት መንግሥት መጀመሪያ ማዳበሪያ ያቅርብ አለ። ሌላው የለም፣ ጠላት ከላይ ቢመጣ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል አለ። መሪጌታ ስለ ሰባቱ ሰማያት ጀመሩ። አቶ ደምሰው እጃችሁን እያወጣችሁ ተናገሩ እያሉ ጮኹ። እኔማ ከሁሉ በላይ እጮህ ነበር። ምን እያልሁ እንደነበር እንኳ አላስታውስም፤ ስለናት ለልጄ ልትቀርበት ነው የሚለው ብቻ ነበር በውስጤ።

ዝም ያለው ሙሉቀን ነው። አንገቱን ወደ ጓሮ ዘንበል አድርጎ ቆይቶ "አባ፣ ሰው ይጠራዎታል" አለ።

"ማንም አልጠራኝም" አሉ ጋሽ እንየው።

"ከቤቱ ጀርባ ነው። የሴት ድምፅ ነው።"

ጋሽ እንየው እጃቸውን አወናጨፉ። "እሷ ናት፣ ባለቤቴ። እሷ ሁልጊዜ ትጣራለች።" ወደ ማዳበሪያው ክርክር ተመለሱ።

"ቅድምም ስትጣራ ነበር። ይኸኛው ግን ተለይቷል" አለና ሙሉቀን ሮጠ።

መሮጡን ስናይ እኛም ሮጥን። ለካስ ሁለቱ በሬዎች አጥር ጥሰው ከዝናብ የተረፈው ክምር ውስጥ እስከ ትከሻቸው ገብተዋል። እትዬ ጥሩወርቅ፣ የስለናት እናት፣ አንዱን በጭራው ይዘው እየጎተቱ ነው፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሙሉቀን በሬ ነድቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ነው። ያቺን ውድ የጆሮ ማዳመጫ ከአንገቱ አውጥቶ እንደ ጅራፍ እያወናጨፈ ገባባቸው። በሬዎቹ እንዲህ ያለ ጅራፍ አይተው ስለማያውቁ ነው መሰለኝ፣ ደንግጠው ወጡ። ክምሩ ተረፈ። የጆሮ ማዳመጫዋ አንድ ጆሮ ግን የት እንደወደቀ እስካሁን አልታወቀም።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉና ሙሉቀንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ይኸ ነው ሥራው ምን ይጠቅማል የምትሉት?" አሉ በተዘጋ ድምፃቸው። "እኔ እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ስጣራ ኖሬአለሁ። ምጥ ይዞኝ እንኳ ተጣርቼ የሰማችኝ ጎረቤቴ ናት። ዛሬ ገና ከዚያ ሁሉ የወንድ ጫጫታ መሃል አንድ ሰው ድምፄን ለይቶ መጣ። መልስ ሳያገኝ ዓመት ከዓመት ጆሮውን የሚሰጥ ወንድ ተገኝቶ ደግሞ ምን ይጠቅማል ይባላል? ለልጄ ይጠቅማታል! እንዲህ ያለ ጆሮ የሚያወጣ ትምህርት ከሆነ መንግሥትም ይክፈል፣ ፈረንጅም ይክፈል። እኔም የዶሮዎቼን እንቁላል አዋጣለሁ።"

እኔ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አልደበቅሁትም።

ጋሽ እንየው የተቀደደውን አጥር፣ ከዚያም ባለቤታቸውን አዩ። ወደ ሙሉቀን ጠጋ አሉና ዝግ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ እንግዲህ እነዚያ ከላይ ያሉትም... እስከዛሬ ሲጣሩ ኖረው ይሆናል። እኛ ግን እሷ ናት፣ እሷ ናት እያልን..." ብለው ሳይጨርሱት ተውት።

እትዬ ጥሩወርቅ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው ነበር። በቀረቻቸው ድምፅ "እንየው!" ብለው ተጣሩ።

"አቤት" አሉ ጋሽ እንየው።

"ልጅቱን ሰጠህ?"

"ሰጥቻለሁ።"